ፉክክሩ ቤቱን አላፈረሰም፦ በጥሩነሽና በመሠረት ዘመን ላይ ለተሰጠው ብያኔ ምላሽ

ስለ ኢትዮጵያ ሴት ሯጮች በተወራ ቁጥር የሚደገም አንድ ብያኔ አለ። የደራርቱ ቱሉ ዘመን የመተሳሰብ ዘመን ነበር፤ የጥሩነሽ ዲባባና የመሠረት ደፋር ዘመን ግን የመጎሻሸም ዘመን ሆነ፤ ሁለቱ ተስማምተው ቢሮጡ ኖሮ አገራችን ከዚህ የበለጠ ታተርፍ ነበር ይላል። የሬዲዮ ስፖርት ተንታኞች ይሉታል፣ አሠልጣኞች ይሉታል፣ በፎገራዋ ከተማ በወረታ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሩጫ በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰውም ይለዋል። ማሰሪያውም ዘወትር አንድ ነው፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ከምሳሌው ጋር ክርክር የለኝም። ክርክሬ የሁለቱ ሴቶች ታሪክ ለምሳሌው ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ ላይ ነው። ብያኔው ሲበተን ሦስት አባባሎች ይወጡታል። አንደኛ፣ ፉክክሩ ሜዳሊያ አሳጥቶናል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ፉክክር ከዚያ በፊት በሴቶቻችን መካከል አልነበረም። ሦስተኛ፣ ስለዚህ ፌዴሬሽንና አሠልጣኝ ፉክክሩን ከላይ ሆነው ሊያለዝቡት፣ ታዳጊ ሴቶች ልጆችም ከጅምሩ ሊርቁት ይገባል። ሦስቱንም በየተራ እመልሳለሁ። ከሦስቱ የከፋው የመጨረሻው ነው፤ የእነ ጥሩነሽ ድል በመዝገብ ሰፍሯል፣ ማንም አይፍቀውም፤ ዛሬ በፎገራ ሜዳ ላይ ለምትሮጠው ታዳጊ ግን የሚነገራት ምክር ዕጣዋን ይወስናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዝገቡ ምን ይላል?

በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽና መሠረት በ5,000 ሜትር ፍጻሜ የተገናኙት አራት ጊዜ ነው። በ2004 አቴንስ ላይ መሠረት በ14:45.65 ወርቁን ወሰደች፤ ኬንያዊቷ ኢዛቤላ ኦቺቺ ሁለተኛ፣ ጥሩነሽ ሦስተኛ ሆኑ። በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ጥሩነሽ አንደኛ፣ መሠረት ሁለተኛ ወጡ። በ2008 ቤጂንግ ላይ እንደገና ጥሩነሽ አሸነፈች፤ መሠረት በዕለቱ ሦስተኛ ነበረች፤ በትውልድ ኢትዮጵያዊት የሆነችው የቱርክ ሯጭ ኤልቫን አቤይለገሠ ያገኘችው ብር በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ከዓመታት በኋላ ሲሰረዝ ግን ሜዳሊያዋ ወደ ብር ከፍ አለ። በ2012 ለንደን ላይ መሠረት በ15:04.25 አሸነፈች፤ ቪቪያን ቼሩዮት ሁለተኛ፣ ጥሩነሽ በ15:05.15 ሦስተኛ ገቡ።

ይህን መዝገብ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አራት ጊዜ ተገናኙ፤ ሁለቱን መሠረት፣ ሁለቱን ጥሩነሽ አሸነፉ። አራቱም ወርቆች የኢትዮጵያ ናቸው። በአራቱም ጊዜ የተሸነፈችው ከሜዳሊያ ሠገነት አልወረደችም። እርስ በርስ ሲተያዩ ሌላዋ አምልጣ ወርቁን ወሰደች የሚያሰኝ አንድም ፍጻሜ የለም። ሁለት የአንድ አገር ሯጮች ተጠባብቀው ሲጠላለፉ ወርቅ ከጠፋ፣ የጠፋበት ዓመትና ከተማ ሊነገረን ይገባል።

ዘመኑን ሰፋ አድርገን እንየው። ከ2004 እስከ 2013 ድረስ ስምንት ታላላቅ ውድድሮች ተካሂደዋል፤ ሦስት ኦሊምፒክ፣ አምስት የዓለም ሻምፒዮና። ከስምንቱ በስድስቱ ሁለቱም ሴቶች በቡድኑ ውስጥ ነበሩ፤ አቴንስ፣ ሄልሲንኪ፣ ኦሳካ፣ ቤጂንግ፣ ለንደን፣ ሞስኮ። በእነዚህ ስድስት ውድድሮች በሴቶች 5,000 እና 10,000 ሜትር የተሰጡት ወርቆች አሥራ ሁለት ናቸው። ኢትዮጵያ አሥራ አንዱን ወሰደች። ያመለጠን የአቴንስ 10,000 ሜትር ብቻ ነው፤ እሱንም ቻይናዊቷ ሺንግ ሁይና ስታሸንፍ እጅጋየሁ ዲባባ ብር፣ ደራርቱ ቱሉ ነሐስ አምጥተዋል፤ ጥሩነሽም መሠረትም በዚያ ርቀት አልሮጡም።

በቀሩት በሁለቱ፣ በ2009 በርሊንና በ2011 ዴጉ፣ ጥሩነሽ በጉዳት ምክንያት አልነበረችም። መሠረት ያለ ተፎካካሪዋ ሜዳውን ያገኘችው ያኔ ነው። ብያኔው እውነት ቢሆን ኖሮ እነዚያ ዓመታት የመሠረት የመከር ወራት በሆኑ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በ5,000 ሜትር በሁለቱም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች፤ ወርቁን በሁለቱም ቪቪያን ቼሩዮት ወሰደች። በ10,000 ሜትር በርሊን ላይ አምስተኛ ወጣች፣ ዴጉ ላይ አቋረጠች። ከአራቱ ወርቆች አንዱም ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም። ጥሩነሽ በ2012 ስትመለስ ደግሞ መሠረት ከአቴንስ ስምንት ዓመት በኋላ የኦሊምፒክ ወርቋን አስመለሰች፤ ያስመለሰችውም በጥሩነሽ ፊት ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ተቃውሞ ማንሳቱ አይቀርም። ጥሩነሽ የዘመኗ ታላቅ የ10,000 ሜትር ሯጭ ናት፤ እሷ ከሌለች የዚያ ርቀት ወርቅ መጥፋቱ ከፉክክር ጋር ምን አገናኘው? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሁለቱን የ10,000 ሜትር ወርቆች ከክርክሬ አወጣቸዋለሁ። 5,000 ሜትር ግን የመሠረት ርቀት ነበር። ክብረ ወሰኑን ሁለት ጊዜ ሰብራዋለች፣ በ2007 ኦሳካ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆናበታለች። በርሊንና ዴጉ ላይ ገና ከሃያ ስምንት ዓመት በታች ነበረች። አንድ የተፎካካሪ መቅረት ብቻውን ሁሉንም ያስረዳል አልልም። ተፎካካሪዋ ሸክም ነበረች የሚለው አባባል ግን በዚህ መዝገብ ፊት ሊቆም አይችልም።

ክብረ ወሰኖቹ ደግሞ ሌላ ምስክር ናቸው። የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን መሠረት በሰኔ 2006 ኒው ዮርክ ላይ 14:24.53 አደረገችው፤ በዓመቱ ኦስሎ ላይ 14:16.63 አወረደችው። በሰኔ 2008 እዚያው ኦስሎ ላይ ጥሩነሽ በ14:11.15 ነጠቀቻት። መሠረት አልተኛችም፤ በቀጣዩ ወር ስቶክሆልም ላይ 14:12.88 ሮጠች፤ ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው ያመለጣት። በቤት ውስጥ ውድድርም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ብርሃኔ አደሬ በ2004 የ5,000 ሜትሩን ክብረ ወሰን 14:39.29 አደረሰችው፤ ጥሩነሽ በ2005 ወደ 14:32.93፣ በ2007 ወደ 14:27.42 አወረደችው፤ መሠረት በ2009 በ14:24.37 ወሰደችው፤ ገንዘቤ ዲባባ በ2015 ወደ 14:18.86 አደረሰችው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ክብረ ወሰን በአራት ኢትዮጵያውያት እጅ ሲዘዋወር ከሃያ ሰከንድ በላይ ተቀነሰበት። አንዷ ስትሰብረው ሌላዋ ምን ያህል መድከም እንዳለባት በትክክል ታውቅ ነበር፤ ግቡ በስምና በሰዓት ተለይቶ ከፊቷ ተቀምጧልና።

ብያኔውን የሚደግፉ ሰዎች ካሏቸው ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው የቤጂንጉ ፍጻሜ ነው፤ ስለዚህ በዝምታ አላልፈውም። ጥሩነሽ ያሸነፈችው በ15:41.40 ነው። ከሁለት ወር ተኩል በፊት ራሷ ካስመዘገበችው ክብረ ወሰን በአንድ ደቂቃ ተኩል ይዘገያል። ሁለቱ እየተጠባበቁ ሩጫውን ወደ እግር ጉዞ ለወጡት፣ ለማንኛዋም ሌላ ሯጭ በር ከፈቱ ተብሏል። ነገር ግን በኦሊምፒክ ፍጻሜ አሯሯጭ የለም። ጥሩነሽ ከሳምንት በፊት 10,000 ሜትርን በ29:54.66 አሸንፋ ነበር፤ ዝግተኛ ሩጫ ለደከመ እግር ይስማማል፣ የመጨረሻ ዙር ፍጥነቷን የሚያውቅ ሁሉ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። መሠረት ፍጥነቱን አልጨመረችም፤ ይህ የስልት ስሕተት ሊባል ይችላል። የስልት ስሕተት ግን ጠብ አይደለም፤ ውጤቱም ለአገር ወርቅና ሜዳሊያ ነው።

የመተሳሰብ ዘመን የተባለው

ወደ ሁለተኛው አባባል ልለፍ። የደራርቱ ትውልድ ፉክክርን አያውቅም የሚል ሰው ጌጤ ዋሚን ረስቷታል። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው ጫጫ የተወለደችው ጌጤ ለደራርቱ የቅርብ ተፎካካሪ ነበረች። የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የረዥሙን ርቀት የሴቶች ድል እንቁጠር። በ1995 ደራርቱ፣ በ1996 ጌጤ፣ በ1997 ደራርቱ፣ በ1999 ጌጤ፣ በ2000 ደራርቱ። በመካከል የ1998ቱን አየርላንዳዊቷ ሶንያ ኦሱሊቫን ከመውሰዷ በቀር ስድስቱ ዓመታት የሁለቱ ቅብብሎሽ ናቸው። ይህ ፉክክር ካልሆነ ፉክክር የሚባለው ምንድን ነው?

ትራክ ላይም እንዲሁ ነው። ደራርቱ በወሊድ ምክንያት ከውድድር በራቀችበት ጊዜ ጌጤ በ1999 ሴቪያ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ 30:24.56። ደራርቱ ልጇን ወልዳ ተመለሰች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ጌጤን በአምስት ሰከንድ ገደማ ቀድማ በ30:17.49 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዘገበች። ጌጤ በ30:22.48 ሁለተኛ ወጣች። በዓመቱ ኤድመንተን ላይ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትር ፍጻሜ ሲካሄድ ደራርቱ 31:48.81፣ ብርሃኔ አደሬ 31:48.85፣ ጌጤ ዋሚ 31:49.98 ገቡ። ሃያ አምስት ዙር ሮጠው ወርቅና ብሩን የለየው አራት መቶኛ ሰከንድ ነው። ሦስቱም አረንጓዴ ለብሰዋል፤ አንዷም ለሌላዋ ቦታ አልለቀቀችም። ሕዝቡ አረንጓዴው ጎርፍ እያለ የሚኮራበት ትዕይንት የተገኘው እንዲህ ካለ እልህ ነው።

ታዲያ ያ ዘመን በትዝታችን ለምን በመተሳሰብ ብቻ ተሞላ? አንዱ ምክንያት ደራርቱ ራሷ ናት። በ1992 ባርሴሎና ላይ ለአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ ካሸነፈቻት ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኢላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ እገዳ ገና መመለሷ ነበርና ያ ምስል ዓለምን ነካ። ያን የሚያስታውስ ሰው ደራርቱ ከመስመሩ በፊት ለሜየር አልራራችላትም ነበር የሚለውን ይዘነጋል። እስከ መጨረሻው ዙር ስትከተላት ቆይታ፣ ጊዜው ሲደርስ ጥላት ሄደች። እጅ ለእጅ የተያያዙት ከመስመሩ በኋላ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንዲት ሴት ውስጥ ያለ ችግር አብረው ኖረዋል።

ሌላው ምክንያት ተመልካቹ ነው። በጥሩነሽና በመሠረት ዘመን የኤፍ ኤም ስፖርት ፕሮግራሞች በዙ፣ ደጋፊውም እንደ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ጎራ ለየ። ጥሩነሽ የበቆጂ፣ መሠረት የአዲስ አበባ ሆነው ተሣሉ። በ2006 ከስድስቱ የጎልደን ሊግ ውድድሮች አምስቱን ጥሩነሽ አሸንፋ ለሙሉ ድል ስትቃረብ መሠረት በመጨረሻው የበርሊን ውድድር ቀደመቻት። ሩጫን እንደ ሩጫ ለሚያይ ሰው ያ የሁለቱን የብቃት ደረጃ የሚያሳይ ድንቅ ምሽት ነበር። በየጎራው ግን ክህደት ተባለ። ጠቡ በብዛት የነበረው በጆሮአችን እንጂ በመሮጫው መስመር ላይ አልነበረም።

ፉክክርን በትዕዛዝ ማለዘብ

ሦስተኛው አባባል ምክር ነው፤ ፉክክርን ከላይ አለዝቡት ይላል። ምክሩ በሌላ አገርና በሌላ ስፖርት በተግባር ተሞክሯል። በባድሜንተን የሴቶች የነጠላ ውድድር ቻይና ለረዥም ጊዜ ከአንድ በላይ ሻምፒዮን ነበራት፤ የራሷ ተጫዋቾች በግማሽ ፍጻሜ መገናኘታቸው የተለመደ ነው። በ2004 አቴንስ ኦሊምፒክ ዡ ሚ እና ዣንግ ኒንግ በግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ዣንግ ኒንግ አሸነፈች፣ ወርቁንም ወሰደች። ከአራት ዓመት በኋላ ዋና አሠልጣኙ ሊ ዮንግቦ ዡ ሚ በጨዋታው መካከል ጠንክራ እንዳትታገል ታዝዛ እንደነበር በአደባባይ ተናገረ። ምክንያቱ ለፍጻሜ የምትሻለዋ ጉልበቷን እንድትቆጥብ ነው፤ ለአገር ሲባል። ዡ ሚ በኋላ ቻይናን ትታ ለሆንግ ኮንግ ተጫወተች።

በ2012 ለንደን ላይ ይኸው አስተሳሰብ ወደ ውርደት አደረሰ። በሴቶች የጥንድ ባድሜንተን ከቻይና፣ ከኢንዶኔዥያና ከደቡብ ኮሪያ የመጡ አራት ጥንዶች፣ ስምንት ተጫዋቾች፣ በቀጣዩ ዙር የሚመቻቸውን ተጋጣሚ ለማግኘት ሲሉ ሆን ብለው ለመሸነፍ በመሞከራቸው ከኦሊምፒኩ ተባረሩ። ተመልካቹ በአዳራሹ ውስጥ ጮኸባቸው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ኦሊምፒክ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ መሠረትና ጥሩነሽ ያላቸውን ሁሉ ሰጥተው ተሽቀዳደሙ፤ መሠረት መስመሩን አልፋ ከልብሷ ውስጥ ያወጣችውን የእመቤታችንን ሥዕል ይዛ አለቀሰች። ከሁለቱ የትኛውን ለልጆቻችን እንመኛለን?

በአገራችንም ተቃራኒው መንገድ ምን እንዳፈራ ታይቷል። በሰኔ 2021 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ ማጣሪያ በሆላንድ ሄንግሎ ተካሄደ። ከሁለት ቀን በፊት እዚያው ሜዳ ላይ ሲፋን ሐሰን የ10,000 ሜትርን ክብረ ወሰን 29:06.82 አድርሳው ነበር። ለተሰንበት ግደይ በማጣሪያው ላይ 29:01.03 ሮጠች። የዓለም ክብረ ወሰን የተሰበረው ለቡድን ቦታ በተደረገ የአገር ልጆች ፉክክር ላይ ነው። በ2023 ቡዳፔስት ላይ ደግሞ ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበትና እጅጋየሁ ታዬ የ10,000 ሜትሩን ሦስት ሜዳሊያዎች ጠራርገው ወሰዱ፤ በቀጣዩ ወር ጉዳፍ የ5,000 ሜትርን ክብረ ወሰን 14:00.21 አደረሰችው።

በ2024 ፓሪስ ላይ በሴቶች 5,000 እና 10,000 ሜትር ሜዳሊያ ማጣታችንን ለብያኔው ማስረጃ የሚያደርጉ አሉ። ያሸነፉንን እንይ እንጂ። በ5,000 ሜትር ወርቅና ብር የወሰዱት ቢያትሪስ ቼቤትና ፌይዝ ኪፕዬጎን የአንድ አገር ልጆች፣ በአንድ ርቀት የሚፎካከሩ ናቸው። በ2025 ቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮናም በዚያው ቅደም ተከተል ገቡ፤ በዚያ ዓመት ቼቤት ክብረ ወሰኑን 13:58.06 አድርሳዋለች። ኬንያ ያሸነፈችን ተፎካካሪዎቿን በመለየት አይደለም። እኛ በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ በገባንበት በዚያው ርቀት፣ በቤቷ ውስጥ ሁለት የማይሸናነፉ ሴቶች ስላሏት ነው።

ከብያኔው ውስጥ እውነት የሆነ አንድ ነገር እቀበላለሁ። በቡድን ምርጫ ላይ የሚነሳ ውዝግብ፣ በአሠልጣኞች መካከል ያለ መቧደን፣ ማን በየትኛው ርቀት እንደሚሮጥ በመጨረሻ ሰዓት መቀያየሩ አትሌቶቻችንን ጎድቷል፣ አሳዝኗልም። ይህ ግን የአስተዳደር ድካም ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ሕግ፣ አስቀድሞ የተነገረ ቀንና በሰዓት የሚለይ ማጣሪያ ነው፤ ይኸውም ተጨማሪ ፉክክር ማለት ነው። የአስተዳዳሪን ጥፋት ለሯጮች ማሸከም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለፎገራ የሚተርፈው

ይህን ሁሉ ከወረታ ሆኜ የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። የፎገራ ስም ሲነሳ የሚታሰበው ሩዝና የፎገራ ከብት ነው፤ ሩጫ አይታሰብም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ዘወትር ከፍታ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆጂ ግን 2,800 ገደማ። የሯጭ አገር ያ ነው፣ የእኛ ደግሞ የረግረግ አገር ነው ይባላል።

ከፍታ ይጠቅማል፤ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ይጨምራል። ነገር ግን መሠረት ደፋር የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ጌጤ የጫጫ፣ አልማዝ አያና የመተከሏ ወንበራ፣ ለተሰንበትና ጉዳፍ የትግራይ ልጆች ናቸው። በ2009 በርሊን ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘችው ውዴ አያሌውና እህቷ ሕይወት ግልገል ዐባይ ከሚነሳባት ከሰከላ ወጥተዋል፤ የሰከላ ውኃ የሚወርደው የእኛው ጣና ውስጥ ነው። የእነዚህ ቦታዎች ከፍታ ይለያያል። የሚመሳሰሉበት ነገር ልጅቱ አጠገቧ ልትቀድማት የምትችል ሌላ ልጅ ማግኘቷ ነው። በቆጂም ብትሆን ከፍታዋ ብቻውን ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባንና ጥሩነሽን አላፈራም። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ለዓመታት በየማለዳው የትምህርት ቤት ልጆችን በአንድ ሜዳ ላይ ሰብስቦ ሲያሠለጥን እያንዳንዷ ልጅ ከጎኗ የምትለካበት ሰው ነበራት።

ከፍታው ቢያስፈልገን እንኳ ሩቅ አይደለም። ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወጣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ታቦር ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሳው ጉና አለ። ቆላማው ሜዳ ለፍጥነት ልምምድ፣ ደጋው ለጽናት ይሆናል። የአዲስ አበባ ሯጮች እንጦጦን ለዳገት፣ ዝቅ ያለውን የአቃቂን መንገድ ለፍጥነት የሚመርጡት ለዚሁ ነው። ደቡብ ጎንደር ሁለቱንም በአንድ ዞን ውስጥ ይዟል።

የጎደለን የተደራጀና የማያቋርጥ ውድድር ነው፤ ይህን ጉድለት የሚያባብሰው ደግሞ ከላይ የተቃወምኩት ምክር ነው። ለወንድ ልጅ እልህ ወኔ ይባላል። ሴት ልጅ ጓደኛዋን ልቅደም ስትል ግን ከእሷ ጋር ምን አፎካከረሽ ትባላለች። አሠልጣኝም ሁለት ፈጣን ልጆች ሲያገኝ እንዳይጣሉ ብሎ አንዷን ወደ ሌላ ርቀት ይመራታል። የሁለቱ ታላላቅ ሴቶች ታሪክ እንደ መጥፎ ምሳሌ ሲነገር ይህን ልማድ ያጸናዋል። ልጅቱ የምትሰማው፣ ከምትቀድምሽ ጋር አትሩጪ የሚለውን ነው። ያ ምክር የሰጪው ልብ ምንም ያህል ቀና ቢሆን ትርጉሙ ባለሽበት ቅሪ ነው።

ስለዚህ በዞናችን ላሉ አሠልጣኞች፣ ርእሰ መምህራንና ወላጆች ጥያቄዬ ይህ ነው። የወረታና የደብረ ታቦር ትምህርት ቤቶች ሴቶች ልጆች በዓመት አንዴ በበዓል ቀን ብቻ መገናኘታቸው ይቅርና ተከታታይ ውድድር ይኑራቸው፤ አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ በደጋው። የእያንዳንዷ ልጅ ስምና ሰዓት በመዝገብ ይስፈር፣ የቀደመቻትም ልጅ ስም አብሮ ይጻፍ፤ ሌላዋ ማንን ለመቅደም እንደምትሠራ ትወቅ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት ክረምት፣ የሩዝ አረምና አጨዳ የልጆችን ጉልበት በሚወስድባቸው ወራት ውድድር አይቀጠር፤ የበጋው ደረቅ ወራት ይበቃል። ሁለት እኩያ ልጆች ሲገኙ አይለያዩ። ካሸነፈችው ጋር ተጨባብጣ ወደ ቤቷ መሄድን የተሸነፈችው ትማር፤ አሸናፊዋም ትማር፤ ደራርቱ ባርሴሎና ላይ እንዳደረገችው።

የስፖርት ጋዜጠኞቻችንም ይህን ብያኔ ከመድገማቸው በፊት መዝገቡን ይግለጡ። ጥሩነሽና መሠረት አራት ጊዜ ተገናኝተው አራት ወርቅ አምጥተዋል፤ ሁለቱም በተገኙባቸው ስድስት ታላላቅ ውድድሮች ከአሥራ ሁለቱ የረዥም ርቀት ወርቆች አሥራ አንዱ ወደ ኢትዮጵያ መጥቷል። ፉክክራቸው አገሪቱን አልጎዳም። ለአገሪቱ ካተረፉላት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው እሱ ነው፤ ለሚቀጥለው ትውልድ ሴቶች ልጆችም ሳይሸፋፈን፣ እንደሚያኮራ ውርስ ሊነገራቸው ይገባል።